ባለቀለሙን አጥፊው

አብዱናስር በኩብራ ስልክ ላይ የሚስቱን ክንድ አየና «ማሻአላህ፣ ጥላው እንዴት ያምራል» አለ። ጠዋት ነው፣ ምንጣፉ ላይ ፉል በሰፊ ሳህን ቀርቧል፣ ዳቦውን ራሱ አብዱናስር ነው ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ ትኩሱን ይዞት የመጣው። የክንዱ ባለቤት ኡምኩልሱም ከጎኑ ቁጭ ብላ ለልጇ ለሳብሪና እየቆረሰች ታጎርሳለች፣ ቀና ብላ እንኳን አላየችም። አብዱናስር ስልኩን ወደ አይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ በሁለት ጣቱ ከፈት አድርጎ አሳደገው፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ኩብራ ይሄን አይታለች። ግን ሰው ፎቶሽን ሲያደንቅልሽ አፉን ነው የምታዪው እንጂ ጣቱን አይደለም። «እና ይሄ ነው ዛሬ ቡሽራ ጁስ ቤት የሚሰቀለው?» አላት። አዎ አለችው። «የሚስቴ እጅ ለጭሮ ሕዝብ ሊታይ ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ ፊቷ የለበትም፣ ማን ያውቃታል። ከጫት በርጫ በኋላ ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ አየዋለሁ።» ስልኩን ሲመልስላት ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንደ ምክር ነገር። «ባለቀለሙን አጥፊው። ጥቁርና ነጩ ይበልጣል።»

ኩብራ የኡምኩልሱም ታናሽ እህት ናት። ከቦርደዴ የመጣችው ለኮሌጅ ነው፣ አካውንቲንግ ትማራለች፣ የምትኖረው እዚሁ እህቷ ቤት፣ ጓሮ ባለችው የጆንያ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩንም የገዛላት አብዱናስር ነው። ጫት ነጋዴ ነው፣ እጁ አይሰስትም፣ ጫት ተራ ሄዳችሁ ስሙን ብትጠሩ «እሱ እኮ ወርቅ ነው» የማይል የለም። ቤት ውስጥም አይጮህም፣ ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ አያውቅም። አንዳንድ ማታ ብቻ ከዋናው ቤት የሆነ ነገር ዱብ ሲል ትሰማለች፣ ጠዋት ስትጠይቅ እህቷ «ወንበር ነው» ትላታለች። ያ ወንበር ለምን እንደሚወድቅ ኩብራ አስባ አታውቅም ማለት ውሸት ነው። አስባለች። ግን በሰው ቤት እየኖሩ ስለ ወንበር ብዙ አይጠየቅም።

አሁን የፎቶውን ነገር ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ምን አየን» የሚባል ግሩፕ አላቸው። እውነተኛ ካሜራ ያለው አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም በስልክ ነው። የከፈተው ጋሽ ሽፈራው ነው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ደንቡ ቀላል ነው። የምትለጥፈው ዛሬ ያየኸውን ነው። ተራራ መውጣት፣ ሙሽራ ማስቆም የለም፤ የባጃጅ መስታወት፣ የአቮካዶ ልጣጭ፣ ኩሬ ላይ የወደቀ፣ ተቅሞ የተረፈ የጫት ገረባ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ነው የሚፈለገው። አስተያየት ስትሰጥ ደግሞ መጀመሪያ መልካሙን ትላለህ፤ መልካም ካላገኘህ ዝም ትላለህ። አንዴ ጁስ ቤት ያለው ቡሽራ ጣቱ ሌንሱን ሸፍኖበት ግማሹ ጥቁር የሆነ ፎቶ ቢለጥፍ ጋሽ ሽፈራው «መልካሙ፦ ጣትህ ንጹህ ነው» ብሎታል። በዚህ በዚህ ነው ሰው የሚደፍረው። ኩብራ መጀመሪያ የለጠፈችው መስጊድ በር ላይ የተደረደሩ ጫማዎች ነበር፣ እጇ ተንቀጥቅጦ ደብዝዞባታል፣ «ጫማዎቹ የሚያወሩ ይመስላሉ» ሲሏት ያን ቀን ምሳም አላማራትም፣ ዝም ብላ ስትዞር ዋለች። በየሳምንቱ ከሁሉም የተወደደው ይታተምና ቡሽራ ጁስ ቤት ግድግዳ ላይ ባለች አንዲት ሚስማር ላይ ይሰቀላል። የዚህ ሳምንት ተረኛው የኩብራ ፎቶ ነው።

ፎቶው ይሄ ነው፦ ሳፋ ውስጥ ሳህን የምታጥብ እጅ፣ እስከ ክርን የተጠቀለለ እጅጌ፣ በመስኮት የሚገባ የጠዋት ፀሐይ፣ ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ፍርግርግ ጥላ፣ ክንዱ ላይም አራት ጥቁር መስመሮች። ኩብራ ከትናንት ወዲያ እንዳነሳችው ወዲያው ጥቁርና ነጭ አደረገችው፣ ጥቁሩንም ጠንከር አደረገችው፣ ለጠፈችው። ጋሽ ሽፈራው ቀድሞ ጻፈ፦ «መልካሙ፦ ጥላው። ብረቱ ከመስኮት ወርዶ ክንዷን የያዛት ይመስላል።» ከዛ በኋላ ግሩፑ ሁሉ ጥላው፣ ጥላው፣ ጥላው ሆነ።

ቁርሱ እንዳለቀ ኩብራ ወጥታ ባጃጅ ተሳፈረች። ሃያ ብር ነው እስከ አደባባዩ፣ ሹፌሩ «ሃያ አምስት ገብቷል» አላት፣ ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከር ነበር፣ ዛሬ ዝም ብላ ሰጠችው። አእምሮዋ «ባለቀለሙን አጥፊው» ላይ ነው። ሰው ፎቶ አልወደድኩም ይላል፣ እሺ። ያላየውን ፎቶ አጥፊ ማለት ግን ምን ማለት ነው? ባለቀለሙን እኮ አላሳየችውም። ይሄን እያሰበች ስልኳ ተንጫረረ። ከሲስተር ዘውድነሽ ነው፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ እሷም የግሩፑ አባል ናት፣ ሁሌ በረንዳ ላይ የተሰጣ የሕጻን ልብስ ነው የምትለጥፈው። «ኩብራዬ፣ መልካሙን ትናንት ብያለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቀለሙ አለሽ?» ይላል። በአንድ ጠዋት አንዱ አጥፊው፣ አንዷ አለሽ ወይ። ኩብራ ጋለሪዋን ከፍታ ጣቷን እዛች ትንሽ ምስል ላይ አደረገችና አልነካችውም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጁስ ቤቱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ቡሽራ ከማሽኑ ኋላ ሆኖ «የዛሬዋ ሙሽራ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» አለ። «አቮካዶ ነው ስፕሪስ? የሚሰቀልለት ሰው በነጻ ነው፣ የማይሰቀልለት ሰማንያ ብር።» ጋሽ ሽፈራው ወንበር ላይ ቆሞ ፍሬሙን ያስተካክላል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ክንዱ ታትሞ ሲሰፋ ኩብራ ጠጋ ብላ አየችው። አራቱ መስመሮች እንደ ስልኩ ላይ ቀጥ ያሉ አይደሉም። ግድግዳው ላይ ያለው የፍርግርግ ጥላ ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ክንዱ ላይ ያሉት ግን ተጋድመዋል። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አላት ጋሽ ሽፈራው። «ይሄ ፎቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ይናገራል።» እሷም «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች፣ ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

ሲስተር ዘውድነሽ ከአዳር ሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፣ አይኗ አብጧል፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው። ለማንም ሰላም ሳትል ኩብራን በእጇ ይዛ የማንጎ ሳጥን ወደተደረደረበት ጓሮ ወሰደቻት።

«ክፈቺው።»

«ምኑን?»

«ባለቀለሙን። ክንዷ ላይ፣ ጥቁሩ መስመር ላይ፣ የውሃ ጠብታ አለ አይደል? ጥላ ውስጥ ያለ ጠብታ አያበራም። ይሄ ያበራል። ማታ ሙሉ ሳየው ነው ያደርኩት።»

ኩብራ ከፈተችው። እውነቱን ለመናገር ይሄን ፎቶ በቀለሙ አላየችውም ነበር፣ ከማንሳቷ ጥቁርና ነጭ ለማድረግ ነው የቸኮለችው። ሳፋው ሰማያዊ ነው፣ ሳሙናው ነጭ ነው፣ ከክርኗ ዝቅ ብላ ያለችው ጠባሳ፣ ልጅ ሆና ፋኖስ ያቃጠላት ክብ ነገር፣ እሷም አለች፣ ኩብራ ከልጅነቷ የምታውቃት። አራቱ መስመሮች ግን ግራጫ አልነበሩም። መሃላቸው እንደ ወይን ጠጅ ጠቁሯል፣ ዳር ዳራቸው ወደ ቢጫ ሄዷል። በልዟል። አንዱ ከአንዱ እኩል አይደለም፣ ሁለተኛው ይረዝማል፣ ዳር ያለው አራተኛው ቀጭን ነው።

«ወንበር ይሆናል» አለች ኩብራ።

«ወንበር ጣት የለውም» አለቻት ዘውድነሽ።

ከውስጥ የጁስ ማሽኑ ይጮሃል። ኩብራ አብዱናስር አጥፊው እንዳላት ነገረቻት፣ ዛሬም ሊያይ እንደሚመጣ፣ ስልኩም የሱ እንደሆነ፣ ማለት የገዛው፣ ክፍሏም የሱ እንደሆነች፣ ኮሌጁም። እየተናገረች ሁሉም ነገር የሱ ሆኖ አገኘችው። ዘውድነሽ አልተቆጣችም። «ለኔ ላኪውና ካንቺ አጥፊው» አለቻት። «እኔ ጋ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም።» ላከችው። መሄዱን እስኪያሳይ ቆይታ ከስልኳ አጠፋችው፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱም አጠፋችው፣ ከቴሌግራሙም ላይ። ስትጨርስ ጋሽ ሽፈራው በሩ ላይ ቆሟል። ስንቱን እንደሰማ አይታወቅም፣ ግን ፊቱ አመድ ሆኗል።

«እኔ እኮ ነኝ ጥላ ያልኩት» አለ። «ሌላው እኔን ተከትሎ ነው።»

ቡሽራም መጣ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። «ላውርደው? ግን ሰውየው ራሱ ሊያይ ይመጣል፣ ደንበኛዬ ነው፣ ምን እለዋለሁ?» ጋሽ ሽፈራው «ሌላ እንስቀልና ዝም እንበል፣ የሰው ትዳር ነው፣ እኛ ፎቶ አንሺ ነን እንጂ ፍርድ ቤት አይደለንም» አለ። ዘውድነሽ «ሲያምር ጊዜ የኛ፣ ሲበልዝ ጊዜ የሰው ትዳር» አለችው። እሷ ናት ወደ ኩብራ ዞራ «የክንዱን ባለቤት ጠይቂያት» ያለችው። «እስከዛ ማንም ምንም አያደርግም።»

ኩብራ ቤት ስትደርስ እህቷን ለብቻዋ አገኛታለሁ ብላ ነበር። የአብዱናስር ጫማ በሩ ላይ ነው። ዛሬ ቀደም ብሎ ለምሳ ገብቷል። ሩዙ ቀርቧል፣ ሳብሪና በማንኪያ ሳህኑን ትመታለች፣ ኡምኩልሱም እጅጌዋ እስከ እጇ አንጓ ወርዶ፣ ጫፉ እርጥብ ነው። ኩብራ ያን እርጥብ እጅጌ አየችና አይኗን መለሰች። ስንት ጊዜ አይታዋለች፣ ሁሌም እርጥብ ነው። ለካ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ነው የሚያጥበው። ሦስቱም በሉ። አብዱናስር ሥጋ ሥጋውን ወደ ኩብራ በኩል ገፋላት፣ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ለጋስ ነው። ስለ ጫት ዋጋ አወራ፣ ስለ መንገድ፣ ትናንት ስለተገለበጠ አይሱዙ። ከዛ እጁን እየታጠበ «ባለቀለሙን አጠፋሽ?» አላት።

«አጥፍቻለሁ።»

«እስኪ።» እጁን ዘረጋ። እጁ እርጥብ ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ኩብራ ስልኩን ስትሰጠው ሁለተኛውን ጣቱን አየች፣ ያንን አየችና ወዲያው ምንጣፉን አየች። ጋለሪው ውስጥ ገባ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ቅርጫቱንም ከፈተ፣ ይሄን ማን እንዳስተማረው እንጃ። የለም። ሊመልስላት ሲል ስልኩ በእጁ ላይ ተንጫረረና ከላይ መልእክት ወረደ። አነበበው። «ዘውድነሽ። ‹ደርሶኛል፣ አትጨነቂ› ትላለች።» ቀና አለ። «ምንድነው የደረሳት?»

የሳብሪና ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። ያኔ ኡምኩልሱም፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልወጣት ሴትዮ፣ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ሩዝ እየለቀመች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «የክትባት ካርድ ነው» አለች። «የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት። የሳብሪናን ካርድ ፎቶ አንስተሽ ላኪላት ያልኳት እኔ ነኝ፣ ቀኑ እንዳያልፍ። አትጨነቂ ያለችው ለሱ ነው።»

አብዱናስር አያት። ረጅም ጊዜ ነው ያያት። ከዛ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ ኩብራ ገፋው፣ «ልጅ ካለ ክትባት አለ» ብሎ ተነሳ። ጫቱን በጥቁር ፌስታል ይዞ ወጣ። የግቢው በር ተዘጋ።

«ባለቀለሙ ሲስተሯ ጋ ነው አይደል?» አለች ኡምኩልሱም።

ኩብራ ማልቀስ ጀመረች። ኡምኩልሱም አላባበለቻትም፣ ሳህኖቹን ነው የሰበሰበችው። «ያን ቀን ሳፋውን ማን ነው ወደ መስኮቱ ያዞረው?» አለቻት። ኩብራ አስታወሰች። እህቷ ጨለማው ጥግ ላይ ሆና ነበር የምታጥበው፣ እጅጌዋ ወርዶ፣ ረጥቦ። «ኡሙ፣ እጅሽን ላንሳው?» ስትላት እጇን ከሳፋው አወጣች። ከዛ ተነሳች፣ ሳፋውን ጎትታ ፀሐዩ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እጅጌዋንም እጥፍ፣ እጥፍ፣ ቀስ እያለች እስከ ክርኗ ጠቀለለች። ኩብራ ያኔ ስቃ ነበር። ሞዴል ሆንሽ እኮ ብላት ነበር።

«በቀለም የምትለጥፊው መስሎኝ» አለች ኡምኩልሱም። «ሲስተሯ እዛ ግሩፕ ውስጥ እንዳለች ነግረሽኛል። አንድ ሰው ያያል ብዬ። ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ጥላው ጥላው እያልሽ ስታነቢልኝ፣ በቃ፣ ይሄም አለቀ አልኩ።»

«ለምን ዝም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ለአባ ትነግሪያለሽ። አባ ምን ይላል?»

ኩብራ ታውቃለች። ያለፈው አረፋ ሰሞን ኡምኩልሱም ሳብሪናን አዝላ ቦርደዴ አባታቸው ቤት ገብታ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ። አብዱናስርም መጣ፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «መታኝ ካለች ምልክት ይኖራል፣ ምልክት ካለ ታሳይ» አለ። ያለውም እያወቀ ነው። ኡምኩልሱም ባዕድ ወንድ ፊት ክንዷን ገልጣ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። አባቷን አየችው፣ አባቷ መሬት አየ። አክስታቸው ውስጥ ወስዳ አይታው ነበር፣ ወጥታም ተናግራለች፣ «የራሷ ወገን ናት» ተባለ። እናት እንዳትናገር ቀደም ብላ ሞታለች። ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ ተባሉ፣ አብዱናስር በመኪናው ይዟት ተመለሰ። ከዛ ወዲህ ነው ወንበሩ የሚወድቀው።

«ክንዴን ለሽማግሌ አላሳይም» አለች ኡምኩልሱም። «ፎቶው ግን ወረቀት ነው። ወረቀት አያፍርም።» የሳብሪናን ልብስ ፌስታል ውስጥ መክተት ጀምራለች።

ኩብራ ደውላ ነገረቻት፣ ዘውድነሽ ባለቀለሙን ለቡሽራ ላከችለት፣ ቡሽራ ከጎኑ ያለው ፎቶ ቤት አሳተመው፣ ሽርጡን ሳያወልቅ በፖስታ አድርጎ መናኸሪያ ድረስ በሩጫ ይዞት መጣ። «ፎቶ ቤቱ ልጅ ቀለሙን ላስተካክለው ወይ ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት» አለ፣ እየተነፈሰ። ጥቁርና ነጩን አውርዶታል። ኩብራ «ሰውየው ሲመጣ ምን ትለዋለህ» ብትለው «ሚስማሩ ላላ እለዋለሁ» አላት። ጋሽ ሽፈራው የቦርደዴው ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳውን አስቀምጦ ከሹፌሩ ኋላ ቦታ ይዞላቸዋል፣ ከረዳቱ ጋር ስለ ታሪፍ እየተጨቃጨቀ። ፖስታውን ተቀበለ፣ ከፈት አድርጎ አየው። አፉን ከፈተ፣ እንደልማዱ መልካሙን ሊል። አየው፣ አየው፣ ከዛ አፉን ዘጋ። ፖስታውን በሁለት እጁ ለኡምኩልሱም ሰጣት፣ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችው።

መኪናው ከጭሮ ደጋ ቁልቁል ሲወርድ ሳብሪና እንቅልፍ ወሰዳት። ሚኤሶ ጋ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አሰቦት ላይ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ምዕመናን ወረዱ፣ አንዲት እናት ለነቃችው ሳብሪና ብስኩት ሰጥታት ወረደች። ኩብራ ይሄን ሁሉ ማንሳት ነበረባት፣ ግመሎቹን፣ አቧራውን፣ የሴትየዋን እጅ፣ ስልኩን ግን የያዘችው በሁለት መዳፏ ጨምቃ ነው። አብዱናስር መደወሉ እንደማይቀር ታውቃለች። መልእክቱ መጀመሪያ የመጣው ከቡሽራ ነው፦ «ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ነበር። ሚስማሩን አየው። ላላ አልኩት። በጣቱ ነቅነቅ አደረገው፣ አልላላም። ወዲያው ወጣ።» ከዛ ስልኩ መጥራት ጀመረ። አብዱናስር። ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ጠራ። ከኋላ ያለ ሰውዬ «አንሺው እንጂ እህቴ፣ ራሳችንን አዞረው እኮ» አላት። ድምፁን አጠፋችው፣ ከዛ በኋላ መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኡምኩልሱም መስኮቱን ነው የምታየው። ፖስታው ጭኗ ላይ ነው፣ አንዴም አልከፈተችውም።

አባታቸው አብዱላሂ ከአስር ሶላት ተመልሰው ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፉ ስር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ሐጂ ኢዘዲን፣ ያኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት። ልጆቻቸው በበሩ ሲገቡ አባትየው መቁጠሪያቸው ቆመ። «ማል ታታን?» አሉ፣ ምን ሆናችሁ። ኡምኩልሱም እጃቸውን ሳመች፣ ሐጂንም በሩቁ ሰላም አለች፣ ፖስታውን አባቷ ፊት አስቀምጣ ሳብሪናን እንዳቀፈች ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጠች። ኩብራ ቆማለች፣ ስልኩ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ሐጂ ኢዘዲን ናቸው መጀመሪያ ፎቶውን ያነሱት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት፣ አውርደው አዩት። «ይሄ የማን ነው? ፊት የለውም» አሉ። «ደግሞ ዛሬ በስልክ የማይሠራ ነገር የለም። የልጅ ልጄ እኔን አንበሳ ላይ አስቀምጦ አሳይቶኛል፣ ወላሂ፣ ስስቅ ሁሉ።» ኩብራ ይሄን አላሰበችውም። ፊት የለበትም ብሎ አብዱናስር ጠዋት የሳቀው፣ ይሄው እዚህ ድረስ ተከትሏቸው መጣ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት ሐጂ» አለች። «ምንም አልነካሁትም።» ሐጂ «አንቺ እህቷ ነሽ» አሏት፣ ያኔ አክስታቸውን እንዳሉት፣ በዛው ድምፅ።

አባትየው እጃቸውን ዘረጉና ፎቶውን ከሐጂ ወሰዱት። አላስጠጉትም፣ አላራቁትም። ጣታቸው ቀስ ብላ ሄዳ ከክርኑ ዝቅ ያለችው ክብ ጠባሳ ላይ አረፈች። «ይቺ የፋኖስ ናት» አሉ። ለማንም አይደለም የሚናገሩት። «መብራት ያልነበረ ጊዜ። ሚኤሶ ድረስ ተሸክሜያት ሄጃለሁ። አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።» ከዛ ጣታቸው ከጠባሳዋ ተነስታ ወደ መስመሮቹ ወረደች። አንዱን ነኩ። ሁለተኛውን። ከዛ ሙሉ እጃቸውን አነሱና አራት ጣታቸውን አራቱ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡ፣ ሰው ክንድ ሲጨብጥ እንደሚያደርገው። ልክ ገባ። ሐጂ ኢዘዲን መነጽራቸውን አውልቀው በልብሳቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፣ ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ። አባትየው እጃቸውን ከፎቶው ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲያነሱትም መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

ወደ ኡምኩልሱም ዞሩ። እሷም ሳብሪናን እያወዛወዘች ጠበቀች። በመጨረሻ «ዕቃሽን ማን ያምጣልሽ?» አሏት።

«የሳብሪና አልጋ ብቻ ነው» አለች።

የኩብራ ስልክ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባትየው ሰሙት። «እሱ ነው?» አሉ። ራሷን ነቀነቀች። እጃቸውን ዘረጉ፣ ስልኩን ተቀበሉ፣ የቱ ጋ እንደሚነካ ስለማያውቁ ኩብራ ከፈተችላቸውና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። የአብዱናስር ድምፅ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማል፣ ጥሩ ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ አክባሪ። አሰላሙ አለይኩም አለ፣ አባ እርስዎ ነዎት እንዴ አለ፣ ሴቶቹ ሳይነግሩኝ ወጡ፣ ተጨነቅኩ እኮ አለ፣ ምን እየሠራችሁ ነው አለ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ አባትየው። ፎቶው ጉልበታቸው ላይ ነው። «ምንም። ቁጭ ብዬ ፎቶ እያየሁ ነው።»